ሰውነቴ የራሴ፣ በሽታው የማን? ስለ ወረርሽኝ ክትባት ባሕር ዳር ላይ ተደጋግመው የሚጠየቁ ጥያቄዎች

ኮቪድ ከመጣ ወዲህ ባሕር ዳር ውስጥ ስለ ክትባት ያልተከራከረ ቤተሰብ ያለ አይመስለኝም። አንዱ "መብቴ ነው" ይላል። ሌላው "እናትህን ልትገድል ነው?" ይለዋል። ቡናው በረካ ሳይደርስ ይኮራረፋሉ። ወረርሽኙ በረድ ቢልም ክርክሩ አልበረደም። ኩፍኝ ወይም ኮሌራ ገባ በተባለ ቁጥር እንደገና ይነሣል። ከታች ያሉት ደጋግመው የሚነሡት ጥያቄዎች ናቸው። መልሶቹ ውስጥ የራሴም አቋም አለበት። የግል የጤና ሁኔታችሁን ግን እኔ አላውቅም፤ እሱን ከሐኪማችሁ ጋር ጨርሱ።

ሰውነቴ የራሴ ነው። ብከተብ ባልከተብ ማን ያገባዋል?

ሰውነታችሁ የራሳችሁ መሆኑ አያከራክርም። ሕክምና የሚሰጠው በፈቃድ ነው። ማንም ሰው እጁ ተይዞ መርፌ ሊወጋ አይገባም። እዚህ ላይ ከማንም ጋር አልጣላም።

ጣጣው የሚመጣው ከዚያ ቀጥሎ ነው። የደም ግፊት መድኃኒቱን አልወስድም ያለ ሰው የሚጎዳው ራሱንና ቤተሰቡን ነው። በሱ ግፊት ጎረቤቱ አይታመምም። ተላላፊ በሽታ ግን የማንንም አጥር አያከብርም።

ጣና ላይ ያለውን እምቦጭ አስቡት። የደንቢያ፣ የፎገራና የሊቦ ከምከም ገበሬ እስከ ወገቡ ውኃ ውስጥ እየገባ በእጁ ሲነቅለው ዓመታት ተቆጠሩ። አንዱ ነቅሎ ሲያበቃ ጎረቤቱ "የኔ ዳርቻ የኔ ጉዳይ ነው" ቢለው፣ ነፋስ በተነሣ ማግስት አረሙ ተንሳፍፎ ይመጣበታል። ሰውዬው ስለ ዳርቻው የተናገረው እውነት ነው። ችግሩ አረሙ እዚያው የማይቀር መሆኑ ነው።

ስለዚህ "ማን ያገባዋል?" ለሚለው የኔ መልስ "እንደ በሽታው ነው" የሚል ነው። መንጋጋ ቆልፍ የምንለው ቴታነስ ከሰው ወደ ሰው አይተላለፍም። አልከተብም ያለ ሰው የሚጎዳው በአብዛኛው ራሱን ነው። ኩፍኝ ግን ሌላ ነው። የመከላከል አቅም የሌላቸው ሰዎች መካከል የገባ አንድ ታማሚ ከ12 እስከ 18 ሰው ሊያስይዝ ይችላል። መጀመሪያ የመጣው ኮቪድ ደግሞ ከ2 እስከ 3 ሰው ገደማ ነበር። ለሦስቱም አንድ ዓይነት ግዴታ መጣል አያስኬድም። ለሦስቱም አንድ ዓይነት ነፃነት መጠየቅም እንደዚያው። የኔ ምርጫ ለሌላው በተረፈ መጠን፣ ሌላውም "ለምን?" ብሎ የመጠየቅ መብት ያገኛል። መጠየቅና ማስገደድ ግን ለየቅል ናቸው። ወደሱ እመጣለሁ።

የኮቪድ ክትባት መተላለፉን አላቆመም። ታዲያ "ለሰው ብለህ ተከተብ" የሚሉን ለምንድን ነው?

ተገቢ ጥያቄ ነው። ብዙ ጊዜ የሚሰጠው መልስ ግን መሸሽ ይበዛበታል።

ክትባቱ ወደ ኢትዮጵያ የገባው የካቲት 28 ቀን 2013 ዓ.ም. ነው። ክትባት ለአገሮች በሚያከፋፍለው ዓለም አቀፍ ጥምረት፣ በኮቫክስ በኩል የመጣ 2.2 ሚሊዮን ገደማ የአስትራዜኒካ ክትባት ነበር። ያን ጊዜ ይዞር በነበረው ቫይረስ ላይ ክትባቱ ከባድ ሕመምን ብቻ ሳይሆን መያዝንም ይቀንስ ነበር። የሚያዘው ካነሰ የሚያስይዘውም ያንሳል። ከዚያ ዴልታ የሚባለው የቫይረሱ ዝርያ መጣ። ኅዳር 2014 ላይ ደግሞ ኦሚክሮን ታወቀ። ሁለቴ የተከተበ ሰው ሳይቀር ይያዝ ጀመር። ከመያዝ የሚያስጥለው ጉልበት በወራት ውስጥ ሳሳ። ከከባድ ሕመምና ከሞት የሚያስጥለው ግን ረዘም ላለ ጊዜ ቆየ።

"ከተከተባችሁ አትያዙም፣ አታስይዙምም" ብለው የተናገሩ ሰዎች የማይጠብቁትን ቃል ገቡ። ሰው ተከትቦ ሲታመም "ዋሹን" አለ። ምን ይበል? በኔ ግምት እምነትን የሸረሸረው የቺፕ ወሬ ምናምን ሳይሆን ይኼ ነው። ዕዳው ለሚቀጥለው ክትባት ተርፏል።

ታዲያ ምን ቀረ? አልጋና ኦክስጅን ቀረ። ፈለገ ሕይወትና ጥበበ ግዮን ሆስፒታሎች የሚተኛው የባሕር ዳር ሰው ብቻ አይደለም። ከጎጃምም፣ ከደቡብ ጎንደርም ሪፈር ተጽፎለት የሚመጣ አለ። አልጋውና ኦክስጅኑ በኮቪድ ታማሚ ከተያዘ፣ በወሊድ ደም የፈሰሳት እናት ትጠብቃለች። የሳንባ ምች የያዘው ሕፃንም ይጠብቃል። መንገድ ላይ የተገለበጠው የባጃጅ ሾፌርም እንደዚያው። ክትባቱ በጠና የሚታመመውን ሰው ከቀነሰ፣ ቫይረሱ መዞሩን ባያቆምም ያ ወረፋ ያጥራል።

ክርክሩ ግን እንደ መጀመሪያው አይጠነክርም። ይህን ማመን አለብን። የ22 ዓመት ጤነኛ ወጣትን "ካልተከተብክ ነፍሰ ገዳይ ነህ" ማለት ድሮም ማጋነን ነበር። ከኦሚክሮን በኋላ ደግሞ ጭራሽ አያስኬድም። ልጁ ስኳር ያለባቸውን የ70 ዓመት እናቱን የሚያስታምም ከሆነ ግን ነገሩ ይለያል። ለጥቂት ወራትም ቢሆን የመያዝ ዕድሉን መቀነሱ ለሳቸው ትርጉም አለው። ከሱ በፊት ግን እሳቸው ራሳቸው ይከተቡ። ብዙ ቤት ውስጥ ወጣቱ ላይ ሲጮህ አዛውንቷ ይረሳሉ።

አያቶቻችን ያለ ክትባት ኖረው የለ እንዴ?

ኖረዋል። በልጅነታቸው የሞቱት ግን የማንም አያት አልሆኑም፤ ስለዚህ አንቆጥራቸውም።

በየዓመቱ ኅዳር 12 ከተማው በጭስ ይታፈናል። ቆሻሻው ከየግቢው ተጠርጎ ደጅ ላይ ይቃጠላል። ማታ ቤት ስንገባ ነጠላው፣ ጋቢው፣ መጋረጃው ሁሉ ጭስ ጭስ ይላል። ኅዳር ሲታጠን የምንለው ይኼ ልማድ በኅዳር 1911 ዓ.ም. አገሩን ከመታው የኅዳር በሽታ ጋር የተያያዘ ነው። ዓለም የስፔን ጉንፋን የሚለው ማለት ነው። ራስ ተፈሪም ታመው ተርፈዋል። ያን ጊዜ የጉንፋን ክትባት የሚባል ነገር አልነበረም። ስለዚህ "አልከተብም" የማለት ምርጫም አልነበረም።

የፈንጣጣው ታሪክ ከዚህም ይብሳል። እንዲያውም "ያለ ክትባት ኖሩ" የሚለው ራሱ ሙሉ እውነት አይደለም። ዘመናዊው ክትባት ከመምጣቱ በፊት የአገራችን ደጋ ሰው ራሱ ይከትብ ነበር። ከታማሚ ቁስል ላይ ፈሳሽ ወይም ቅርፊት ይወሰዳል። የጤነኛው ሰው ክንድ ጫር ተደርጎ ይገባበታል። አብዛኛው ሰው ቀለል ያለ ሕመም ታሞ ይነሣል፤ ዳግመኛ አይያዝም። አንዳንዱ ግን ይሞታል። ከዚያም በላይ ደግሞ፣ በክንዱ የገባው እውነተኛው ፈንጣጣ ስለሆነ ሌላውን ሰው ያስይዛል። አባት ልጁን ለማዳን ያደረገው ነገር በሳምንታት ውስጥ የጎረቤት ልጅ ላይ ይደርሳል። አባትየው ክፉ ሰው አልነበረም። ከጁ ላይ ያለው መፍትሔ ያ ብቻ ነበር።

በ1963 ዓ.ም. ፈንጣጣን የማጥፋት ዘመቻ ኢትዮጵያ ውስጥ ሲጀመር፣ ከታቢዎቹ ጫፏ ሹካ የመሰለች ትንሽ መርፌ ይዘው በእግር መንደር ለመንደር ዞሩ። ጎጃም ውስጥ አንፈልግም ያሏቸው መንደሮች ነበሩ። ይኼን ድንቁርና ብሎ ማለፍ ይቀላል። ሰዎቹ ግን የራሳቸው ከታቢ ነበራቸው። ከማያውቁት ሰው የሚያውቁትን መረጡ። ዘመቻው የተሳካው ሰው ሁሉ ተገዶ አይደለም። በሽታው ብቅ ያለበትን መንደር እየፈለጉ፣ በታማሚው ዙሪያ ያለውን ሰው እየከተቡ ነው። ኢትዮጵያ ውስጥ የመጨረሻው ታማሚ የተገኘው በነሐሴ 1968 በደቡብ ምሥራቅ በረሃ ነው። ሶማሊያ ውስጥ በጥቅምት 1970 ከተያዘው ሰው በኋላ በተፈጥሮ መንገድ የተያዘ ሰው አልተገኘም። በ1972 የዓለም ጤና ድርጅት በሽታው ከምድር መጥፋቱን አወጀ። ከዚያ በኋላ የተወለድን ሰዎች የፈንጣጣ ክትባት አልተወጋንም። ልከተብ ወይስ ልተው ብሎ የመጨነቁን ጣጣ ከኛ በፊት የነበሩት ጨርሰውልናል።

መንግሥት በሕግ ሊያስገድደኝ ይችላል?

አገራችን ውስጥ የኮቪድ ክትባት ለጠቅላላው ሕዝብ ግዴታ አልነበረም። የተከተበው በፈቃዱ ነው።

ሕገ መንግሥቱ ግን ለወረርሽኝ ጊዜ በር ትቷል። አንቀጽ 93 የሕዝብን ጤንነት አደጋ ላይ የሚጥል በሽታ ሲከሰት የአስቸኳይ ጊዜ አዋጅ እንዲታወጅ ይፈቅዳል። ክልሎችም በክልላቸው ማወጅ ይችላሉ። በ2012 መጋቢት 30 በመላ አገሪቱ የታወጀው በዚሁ አንቀጽ ነው። ከዚያ ቀደም ብሎ ባሕር ዳር ውስጥ ለ14 ቀናት እንቅስቃሴ ሲገደብ ምን እንደሆነ እናስታውሳለን። የቀን ሠራተኛው ቤቱ ተቀመጠ። ወደብ ላይ ያሉ የጀልባ ሰዎች ገዳም የሚጎበኝ እንግዳ አጡ። ዓሣ ሻጯ ገበያ አጣች። ነፃነት ከተባለ ያኔ ነው የተነካው። ሰው ስለ ነፃነት ሲያወራ መርፌው ላይ ብቻ የሚቆመው ለምን እንደሆነ አይገባኝም። ዝግ ከተማ ለድሃ ከመርፌ የከፋ ግዴታ ነው።

የውጭውን ካነሣን፣ በአሜሪካ የታወቀ ጉዳይ አለ። ሄኒንግ ጃኮብሰን የሚባል ፓስተር በማሳቹሴትስ ግዛት ካምብሪጅ ከተማ ፈንጣጣ በገባ ጊዜ አልከተብም አለ። 5 ዶላር ተቀጣ። ልጅ ሳለሁ ተከትቤ ክፉኛ ታምሜአለሁ ብሎ እስከ ጠቅላይ ፍርድ ቤት ድረስ ተከራከረ። እ.ኤ.አ. በ1905 ተረታ። ፍርድ ቤቱ ግዛቱ ሊቀጣው ይችላል አለ እንጂ ይዛችሁ ውጉት አላለም። ክትባቱ ጤናውን በእርግጥ የሚጎዳበት ሰው ከተገኘ ሕጉ በሱ ላይ ሊሠራ እንደማይገባም ጠቁሟል። ኦስትሪያ ደግሞ እ.ኤ.አ. በየካቲት 2022 ለአዋቂዎች ሁሉ የኮቪድ ክትባት ግዴታ ነው ብላ አወጀች። በወሩ አገደችው፤ በዚያው ዓመት ሰረዘችው። ኦሚክሮን ስሌቱን ስለለወጠው ነው።

የኔ አቋም፦ ማስገደድ የመጨረሻው አማራጭ ነው። በሽታው ገዳይ ይሁን፣ ክትባቱ መተላለፉን በእርግጥ ይግታ፣ ሌላ ቀላል መንገድ ይጥፋ። ሦስቱ ካልተሟሉ ግዴታ የሚያተርፈው ኩርፊያ ብቻ ነው። ኩርፊያው ደግሞ በኮቪድ አያበቃም፤ ወደ ሕፃናቱ ክትባት ይሻገራል።

ጤና ባለሙያ ነኝ። መሥሪያ ቤቴ "ካልተከተብክ አትግባ" ቢለኝስ?

እዚህ ላይ ትንሽ ልጨክን። የምታክሙትን ሰው መርጣችሁ አልመጣችሁም፤ ታማሚም ነርሱን አይመርጥም። ካንሰር ያለበት፣ ገና የተወለደ፣ የመከላከል አቅሙ የደከመ ሰው ፊት የሚቆም ባለሙያ ከተራው ሰው የበለጠ ግዴታ አለበት። ቢሆንም ከማባረር በፊት ብዙ ነገር አለ። ክፍል ማቀያየር ይቻላል። ጭምብል አለ። ከሁሉ በፊት ደግሞ ቁጭ ብሎ መነጋገር አለ። ሆቴል ወይም ሱቅ ከሆነ ክርክሩ በጣም ይሳሳል።

ለሕዝብ ብዬ ተከትቤ ብጎዳስ? ማን ይጠይቅልኛል?

ከሁሉም ጥያቄዎች የማከብረው ይህንን ነው።

ጉዳት የለውም የሚል ሰው አትስሙ። ክንድ ማበጥ፣ ትኩሳት፣ ድካም የተለመደ ነው፤ በሁለት በሦስት ቀን ይለቃል። አልፎ አልፎ ከባድ አለርጂ ይነሣል። ከተከተባችሁ በኋላ 15 ደቂቃ ቁጭ በሉ የሚሏችሁ ለዚህ ነው። ብዙ ሰው "ሥራ አለኝ" ብሎ ይሾልካል። አትሹለኩ። ከአስትራዜኒካ ጋር የተያያዘ ያልተለመደ የደም መርጋት ደግሞ ታይቷል። እንግሊዝ ውስጥ ከተከተቡ 100 ሺህ ሰዎች አንድ ወይም ሁለት ሰው ላይ ተመዝግቧል፤ በወጣቶች ላይ ይበዛ ነበር። እንግሊዞች ይህን ሲያዩ ከ40 ዓመት በታች ላሉት ሌላ ክትባት ማቅረብ መረጡ። ፋይዘርና ሞደርና ላይ ደግሞ የልብ ጡንቻ መቆጣት ታይቷል፤ በተለይ በወጣት ወንዶች። አብዛኞቹ አገግመዋል። ከተከተባችሁ በኋላ ባሉት ሳምንታት የማይለቅ ብርቱ ራስ ምታት፣ የትንፋሽ ማጠር፣ የደረት ሕመም ወይም የእግር እብጠት ካያችሁ ጤና ተቋም ሄዳችሁ "ተከትቤ ነበር" በሉ። ያቺ ቃል ካልተነገረች ሐኪሙ ሌላ ነገር ይፈልጋል።

ካሣውስ? ኮቫክስ ኢትዮጵያን ጨምሮ ለ92 አገሮች ጥፋተኛ ማረጋገጥ የማያስፈልገው የካሣ ሥርዓት አዘጋጅቶ ነበር። ክትባቱ ከባድ ጉዳት ያደረሰበት ሰው ፍርድ ቤት ሳይሟገት እንዲካስ ነው የታሰበው። ጥሩ ሐሳብ ነው። ግን ከጎረቤቶቻችሁ ስንቱ ሰምቶታል? ክትባት የተሰጠበት ድንኳን ላይ የተለጠፈ ማስታወቂያ አይታችኋል? እኔ አላየሁም። ሕዝብ ለሕዝብ ሲል ክንዱን እንዲሰጥ የሚጠየቅ ከሆነ፣ ከመቶ ሺህ አንዱ ዕጣ የወጣበትን ሰው ደግሞ ሕዝቡ ሊሸከመው ይገባል። "ኃላፊነት" የሚለውን ቃል አንድ ወገን ላይ ብቻ መጫን ደስ አይለኝም።

ጠበል እየተጠመቅሁ ነው። መከተብ እምነት ማጉደል አይሆንብኝም?

ይህን የንስሐ አባታችሁን ጠይቁ፤ እኔ ካህን አይደለሁም። አንድ ነገር ግን ላስታውስ። የኤችአይቪ መድኃኒት በመጣ ጊዜ ይኸው ጥያቄ ተነሥቶ ነበር። ብዙ ሰው ጠበል ገብቶ መድኃኒቱን አቋረጠ። በ1999 ዓ.ም. ፓትርያርክ አቡነ ጳውሎስ ጠበሉም መድኃኒቱም አብሮ ሊሄድ እንደሚችል ለሕዝቡ ተናገሩ። ያ ቃል ከብዙ ፖስተር የበለጠ ሠርቷል ብዬ አምናለሁ።

የጠበል ቦታ ደግሞ ሌላ ጎን አለው። ብዙ ሰው አንድ ላይ ያድራል፣ አንድ ምንጭ ይጠቀማል። በ2015 ክረምት ቋራ ውስጥ በርሜል ጊዮርጊስ ጠበል ኮሌራ ገብቶ የሰው ሕይወት ጠፍቷል። እንዲህ ያለ ቦታ ላይ የክትባቱና የመጸዳጃው ነገር የግል እምነት ጉዳይ ብቻ ሊሆን አይችልም። አጠገባችሁ የተኛው ሰው ድኅነት ፈልጎ የመጣ በሽተኛ ነው።

በጾም መከተብ ይቻላል? ልቆርብ ነውስ?

መርፌው ምግብ አይደለም። በረመዳን ጾም በጡንቻ የሚሰጥ መርፌ ጾም እንደማያፈርስ ብዙ ዑለማ ተናግረዋል። ለሚቆርብ ሰው ደግሞ ቀኑን ማዛወር ነው። ክትባቱ ሰኞ ቢሆን ማክሰኞ ምንም አይቀርበትም።

ልጄን ላለማስከተብ መምረጥ እችላለሁ? ወላጅ ነኝ።

አዋቂ ሰው ስለ ራሱ ሲመርጥ ውጤቱን ራሱ ይቀበላል። ወላጅ ሲመርጥ ውጤቱን የሚቀበለው ልጁ ነው። ስለዚህ "ምርጫዬ ነው" የሚለው ቃል እዚህ ጋ ጉልበቱ ይቀንሳል።

ኩፍኝን እንውሰድ። የመጀመሪያው ክትባት በ9 ወር ነው፤ ሁለተኛው በ15 ወር። ከ9 ወር በታች ያለው ሕፃን በዙሪያው ያሉት ከተከተቡ ነው የሚተርፈው። ኩፍኝ እንዳይዛመት ከ100 ሰው 95 ያህሉ የመከላከል አቅም ሊኖረው ያስፈልጋል። ትንሽ ቀዳዳ ይበቃዋል። ለዚህ ነው ስለ ኮቪድ ለዘብ ያልኩት ሰውዬ ስለ ኩፍኝ የማልለዝበው። ክትባቱ ከ50 ዓመት በላይ ተሠርቶበታል፤ በሽታውን በደንብ ይከላከላል፤ መተላለፉንም ይገታል። የኮቪድ ኩርፊያችሁን ልጁ ላይ አትወጡ።

እኛ ጣና ውስጥ ደቅ ደሴት ላይ ነን። ክትባቱ በሰዓቱ ካልደረሰን ምን ዓይነት ምርጫ አለን?

ላም አለኝ በሰማይ ነው። ከተማ ተቀምጦ "ሕዝቡ ግንዛቤ የለውም" ማለት ቀላል ነው።

ነገሩን በቅርብ እንየው። አስትራዜኒካ አንዱ ብልቃጥ ለ10 ሰው ነበር። ከ2 እስከ 8 ዲግሪ ቅዝቃዜ ይፈልግ ነበር። ከተከፈተ በ6 ሰዓት ውስጥ ካላለቀ ይደፋ ነበር። የኩፍኙም ከዚህ ብዙ አይለይም። አሁን ጤና ኤክስቴንሽኗ በረዶ ያለበትን ሳጥን ይዛ በጀልባ ደርሳለች እንበል። ዛፍ ሥር ጠረጴዛ ዘርግታለች። የመጡት አራት እናቶች ናቸው። ብትከፍተው ስድስቱ ይደፋል፤ ለምን አባከንሽ ትባላለች። ባትከፍተው አራቱ እናቶች ልጅ እንዳዘሉ ይመለሳሉ። በሚቀጥለው ቀጠሮ ሁለቱ አይመጡም። የዓለም ጤና ድርጅት የኩፍኝ ብልቃጥ ለአንድ ልጅም ቢሆን ይከፈት ይላል። እኔም ከዚያ ጋ ነኝ። የባከነ የስድስት ሰው ክትባት ተስፋ ከቆረጠች እናት ይረክሳል።

የገዳማቱ ነገር ደግሞ አለ። ዳጋ እስጢፋኖስና ክብራን ገብርኤል ሴት አይገባም። በዕድሜ የገፉ መነኮሳት የሚኖሩት እዚያ ነው። ጤና ኤክስቴንሽን ሠራተኞች ደግሞ በብዛት ሴቶች ናቸው። ስለዚህ ወንድ ከታቢ መመደብ የግድ ነው። ከ2015 ክረምት ወዲህ ባለው ግጭት መንገድ ሲዘጋ የሚቀረውም ቀጠሮ አለ። እነዚህ ሳይስተካከሉ "አልተከተቡም" ብሎ ሰው መውቀስ ነውር ነው። ከናንተ የሚጠበቀው ቀጠሮ በተባለ ቀን ተጠራርቶ አንድ ላይ መምጣት ነው። አሥር ሰው ከተገኘ ብልቃጡ ያለ ጭቅጭቅ ይከፈታል።

ቺፕ አለበት፣ 666 ነው፣ ያመክናል ይላሉ።

የለበትም። አይደለም። አያመክንም። ከተከተቡት መካከል የወለዱት ቁጥር ስፍር የላቸውም፤ ጎረቤት ጠይቁ።

ወንድሜ እምቢ ብሏል። እናታችን ደግሞ ደካማ ናት። ልራቀው?

አትራቁት። በመጀመሪያ ምን እንደፈራ ጠይቁት፤ ጠይቃችሁም ዝም ብላችሁ ስሙ። አንዱ መርፌ ይፈራል፣ ይህን ለመናገር ግን ያፍራል። አንዱ ዘመዱ ሆስፒታል ውስጥ ተንቆበታል። አንዱ ደግሞ ሲያዙት አይወድም፤ በሌላውም ነገር እንዲሁ ነው። መልሱ ለየአንዳንዱ ይለያያል። የፌስቡክ ጽሑፍ ፎርዋርድ ማድረግ ግን ለማንም አይሠራም።

ከዚያም እምቢ ካለ፣ እሺ። ግን ያኔም ቢሆን ሊያደርገው የሚችለው ብዙ ነው። ሲያስለው እናቱ ጋ አይምጣ። ሲመጣ መስኮት ይከፈት። እሳቸውን ጉንጭ ለጉንጭ መሳሙን ለጥቂት ቀን ይተው። ይህንንም እምቢ ካለ ጉዳዩ የክትባት መብት መሆኑ ቀርቷል። ያን ጊዜ "ይቅርብህ፣ በስልክ አናግራት" ማለት ትችላላችሁ። ሰው ላለመከተብ መብት እንዳለው ሁሉ እናንተም በራችሁን ለመዝጋት መብት አላችሁ።

ኮቪድ አልፏል። አሁን መከተብ ምን ያደርግልኛል?

የዓለም ጤና ድርጅት አስቸኳይ ሁኔታውን ያነሣው ሚያዝያ 27 ቀን 2015 ነው። ቫይረሱ ግን አልጠፋም። ጤነኛ ወጣት ከሆናችሁ ብዙ የሚያስጨንቃችሁ የለም። ዕድሜያችሁ የገፋ ከሆነ፣ ስኳር፣ የልብ ወይም የኩላሊት ሕመም ካለባችሁ ጤና ጣቢያ ጎራ ብላችሁ ክትባቱ ይኖር እንደሆነ ጠይቁ።

ለጉዞ የሚጠይቁን ካርድስ? እሱም ማስገደድ አይደለም?

ነው፤ ግን ከኮቪድ በፊትም ነበር። ለሐጅ የሚሄድ ሰው የማጅራት ገትር ክትባት ካልወሰደ ሳዑዲ አትቀበለውም። ሚሊዮን ሰው አንድ ቦታ ሲገናኝ በሽታው ምን እንደሚያደርግ ታይቷል። ብዙ አገሮች ደግሞ የቢጫ ወባ ካርድ ይጠይቃሉ። የቢጫ ወባው አንዴ ከተወሰደ ዕድሜ ልክ ያገለግላል፤ ካርዱ የሚጸናው ግን ከተከተባችሁ ከ10 ቀን በኋላ ነው። የማጅራት ገትሩም ከጉዞው 10 ቀን ቀደም ብሎ ይወሰዳል። ስለዚህ ቲኬት ቆርጣችሁ ለመከተብ አትሩጡ። ካርዱን ከፓስፖርታችሁ ጋር አድርጉት፤ በስልክም ፎቶ አንሡት። ስምና የልደት ቀን ከፓስፖርቱ ጋር አንድ መሆኑን እዚያው ከታቢው ፊት አረጋግጡ።